ውሻችንንም አንቱ እንላለን

እኛ ደገኞች ውሻን እንኳ አንቱ ነው የምንለው። ቀልዴን አይደለም። ካፒታን የሚባለው ውሻዬ ዶሮ እያሯሯጠ የሽንኩርት ማሳዬ ውስጥ ሲገባ «ካፒታን፣ ይውጡ ከዚያ! ምን ይሠራሉ?» እለዋለሁ፤ እሱም ጅራቱን ወትፎ ይወጣል። ልጆቻችንን አንቱ፣ ወላጆቻችንን አንቱ፤ ሌባ ብንይዝ እንኳ «እጅዎን ያምጡ» ብለን ነው የምናስረው። ስንሰዳደብም በአንቱታ ነው። አንተ የምንለው እግዜርን ብቻ ነው፣ አንቺ የምንለው ደግሞ እመቤታችንን። እሱም ጸሎቱ እንዲያ ሆኖ ስለተጻፈ እንጂ ለእኔ ቢተውልኝ እነሱንም አንቱ እላቸው ነበር።

ከአንቱም በላይ ግን አንዲት ቃል አለችን፤ ሱሜርሴ። ድሮ ሎሌ ጌታውን የሚጠራባት ነበረች ይላሉ። ዛሬ ጌታውም ሎሌውም የሉም፤ ቃሏ ግን ለስልሳ እኛ ዘንድ ቀረች። ከእርስዎ ትከብራለች፣ ከአንተ ትቀርባለች። የገበያ ሴቶች ለደንበኛ ሁሉ ሲበትኗት ይሰማል፤ ሚስቴ አናይስ ግን አትበትንም። ከሠርጋችን ማግስት ጀምሮ ለእኔ ብቻ ነው ያለቻት። «ሱሜርሴ፣ ይምጡ፣ ሾርባው ይቀዘቅዛል።» «ሱሜርሴ፣ ሩአናዎን ይደርቡ፣ የሐይቁ ነፋስ ተነስቷል።» ስትቆጣ ቃሏን ትነጥቀኝና «እርስዎ ዶን ፓርሜኒዮ» ትለኛለች፤ ያኔ ሱሜርሴ እስክትመለስ ድረስ በገዛ ቤቴ እንደ እንግዳ የወንበር ጠርዝ ላይ ነው የምቀመጠው።

ይህን ሁሉ ያወራሁት እኔ ያለምክንያት የምቀና ሰው እንዳልሆንኩ እንድታውቁልኝ ነው። ሚሳኤል አበልጄ ከጠጣ በኋላ «ፓርሜኒዮ ቀናተኛ ነው» እያለ ያስወራል። ቀናተኛ ብሆን ኖሮ ያን ቆለኛ መጀመሪያውኑ ግቢዬ አላስገባውም ነበር።

ቆለኛው ዊልፍሪዶ ይባላል፤ የባራንኪያ ሰው ነው። በየሳምንቱ ቀይ የጭነት መኪናውን ይዞ ከባሕሩ ጠረፍ እስከ እኛ ሐይቅ ድረስ እየወጣ ሽንኩርት ይገዛል። እኛ በሱፍ ሩአና ተጠቅልለን እየተንቀጠቀጥን እሱ ሸሚዙን እስከ ደረቱ ከፍቶ ይንጎራደዳል፤ ሽቶው ከመኪናው ቀድሞ ይደርሳል። እና ሰው ሁሉ ለእሱ አንተ ነው። የመጣ ዕለት የደብሩን ቄስ በር ላይ አግኝቶ «አባ፣ እንዴት ነህ?» አላቸው። አባ መጀመሪያ አማተቡ፣ ቀጥለው ሳቁ። እኔንም «ሽማግሌው፣ ሽንኩርትህ ዘንድሮ አምሯል» ሲለኝ አልተቆጣሁም። ቆለኛ ነው፣ ሙቀቱ ምላስ ያላላል፣ ብዬ ተውኩት።

አናይስ ሽንኩርት አስተሳሰር ላይ የምትወዳደራት የለችም። ሴቶቹን ይዛ ዳሱ ስር ትቀመጥና ሥሩን እየቆረጠች፣ የደረቀውን ቅጠል እየላጠች፣ ነጩን አገዳ እኩል አድርጋ በገመድ ትጠፍረዋለች። ዊልፍሪዶም መኪናው ሲጫን ቆሞ መጠበቅ ስለማይችል አጠገቧ ተቀምጦ ይልጣል፤ እየላጠ ያወራል፣ እያወራ ያለቅሳል፣ ሽንኩርቱ ነው። አንድ ዝናባማ ቀን ገመድ ላመጣ ጓዳ ሄጄ ስመለስ ከዳሱ ግድግዳ ጀርባ የአናይስን ሳቅ ሰማሁ። እንዲያ ስትስቅ ከሰማኋት ቆይቷል። ከሳቁ መሐል እንዲህ አለች፦

«ውሸታም! አንተ ደግሞ ታበዛዋለህ።»

አንተ አለችው። ገመዱ ከእጄ ወደቀ። ሚስቴ ከእግዚአብሔር በቀር ለማንም ያላወጣችው ቃል ለሽንኩርት ነጋዴ ወጣ፣ ያውም በሳቅ። እኔ ሳጫት፣ ወንዙ ዳር እጇን ስይዝ፣ ስንጋባ፣ ልጆች ስንወልድ ያንን ድምፅ ሰምቼ አላውቅም። የቀለለ፣ የልጃገረድ ድምፅ ነበር። ግድግዳውን ዞሬ መግባት ነበረብኝ፤ ግን ገመዱን አንስቼ በዝናብ ውስጥ ወደ ጓዳ ተመለስኩ፤ ለምን እንደተመለስኩ አላውቅም።

ማታ በዘዴ ጠየቅኳት፤ ይህ ቆለኛ እንዴት ያለ ሰው ነው አልኳት። ደግ ነው፣ ለፍላፊ ነው፣ አለችኝ። እርስዎ ምን ብለው ነው የሚጠሩት ስላት ሳትደብቅ ነገረችኝ፦ መጀመሪያ አንቱ ብላው ነበር፤ እሱ ግን የተቆጣችው መስሎት ቀኑን ሙሉ ተኮራምቶ ዋለ፤ በነሱ አገር አንቱ የሚባለው ዳኛና የተጣላ ሰው ብቻ ነው፤ ስለዚህ በራሱ ቋንቋ ጠራችው፤ አለቀ። «ምነው ሱሜርሴ?» አለችኝ። ምንም፣ አልኩ። አላመንኳትም። አንዳንዱ ነገር ሲብራራ የባሰ ይጨልማል።

ሚሳኤል አበልጄ ደግሞ አለ፤ የልጄ ክርስትና አባት፣ የማሳ ጎረቤቴ። እሳት ካየ ጭድ ሳይዝ የማይመጣ ሰው ነው። እሱም አናይስ አንተ ስትለው ሰምቶ ኖሯል። ቢራውን እስከ ግማሽ ጠጥቶ አፉን በእጁ ጠረገና፦

«እኔ ምን አገባኝ፣ አበልጄ። ብቻ የኔ ሚስት እኔን አንተ ብትለኝ ደንግጬ ነው የምሞተው። ለሌላ ወንድ ብትል ግን ገድዬ ነው የምሞተው» አለኝ።

ከዚያ በኋላ እንቅልፍ ጠላኝ። ያቺ ቃል ጉሮሮዬ ላይ እንደ ዓሣ አጥንት ተሰነቀረች። እኔን ያንገበገበኝ ሰውየው አልነበረም፤ ሰውየው ቅዳሜ ይመጣል፣ እሁድ ይሄዳል። ያንገበገበኝ ያ ድምፅ ነበር። ሚስቴ ውስጥ ያ ድምፅ እያለ ለእኔ አንድ ቀን አልተሰጠኝም፤ እኔ ዕድሜዬን ሙሉ ክብር ስበላ ኖርኩ፣ ቆለኛው ሳቁን ወሰደው። እስኪ በእኔ ቦታ ሆናችሁ ፍረዱ።

ስለዚህ እኔም ልሞክረው አሰብኩ። እሾህን በእሾህ ነው። እኔ አንቺ ካልኳት እሷም አንተ ትለኛለች፣ ሳቁም አብሮ ይመጣል ብዬ ቆረጥኩ። በማግስቱ ጠዋት የወተት ሾርባዋን በእንቁላልና በድንብላል ሠርታ አቀረበችልኝ፤ ሁለት ማንኪያ ጠጣሁና ጉሮሮዬን ጠረግሁ።

«አናይስ፣ ዛሬ አምሮብሻል» አልኳት።

ማንኪያዋን አስቀመጠች። መስኮቱን አየች፣ እኔን አየች፣ የሸሚዜን ኮሌታ አየች።

«ማናት?» አለች።

«ማን ማናት?»

«ይቺን አነጋገር ያስተማረችዎት።»

ይህን ማሰብ ነበረብኝ፤ አላሰብኩም። እኛ ዘንድ ሚስቱን አንቱ ሲል ኖሮ ድንገት አንቺ የሚል ባል ሌላ ቤት ሲለማመድ የቆየ ነው፤ ይህንን ሕፃን ያውቀዋል። የሚሳኤል የአጎት ልጅ ቦጎታ ሠርቶ ሲመለስ ሚስቱን አንቺ አላት፤ ወር ሳይሞላ አንዲት ሴት ሕፃን አዝላ በሩ ላይ ቆመች። አናይስም ያንን ነው ያሰበችው። ዓይኗ ውስጥ አየሁት፤ ቅናት ነበር። የእኔው የራሴ ቅናት፣ ቁጭ ብሎ ያየኛል።

እውነቱን መንገር እችል ነበር። ግን ልቤ ደስ አለው፣ ምን ላድርግ? እሷም ትቅመሰው አልኩ። ፈገግ ብዬ ጢሜን ጠረግሁ። ሐሙስ ሶጋሞሶ ገበያ ስሄድ የሠርግ ሸሚዜን ለበስኩ፣ ፊቴን ተላጭቼ ሽቶ ተቀባሁ። ስመለስ ሆን ብዬ አመሸሁ፤ የት ቆዩ ስትለኝ «ሰው አግኝቼ ነው» አልኩ። ሰው ያልኩት የጫማ ጠጋኙን ነበር። እሷ ከዚያ በላይ አልጠየቀችም፤ ሱሜርሴ ግን ከቤቱ ወጣች። እርስዎ ዶን ፓርሜኒዮ፣ ምሳ ቀርቧል። እርስዎ ዶን ፓርሜኒዮ፣ ልጅዎ ከቦጎታ ደውሎ ነበር። ሲከፋኝ፣ ቅዳሜ ቆለኛው ሲመጣ ከዳሱ የሚሰማውን ሳቅ እያሰብኩ ልቤን አጠነክር ነበር።

የገበሬዎች ጠባቂ የቅዱስ ኢሲድሮ በዓል ደረሰ። እንደልማዳችን ከቅዳሴ በኋላ መንደሩ ሁሉ ወደ ቴሆ ሜዳ ወጣ። ቴሆ ማለት እኛ ወንዶቹ ቢራ እየጠጣን ክብ ብረት ከሩቅ ጭቃው ላይ የምንወረውርበት ጨዋታ ነው፤ ጭቃው ላይ የተቀመጠችውን የባሩድ ጥቅል የመታ ሰው ፍንዳታውን ከነጭሱ ያገኛል፣ ሕዝቡም ይጮህለታል። በቴሆ በዚህ አካባቢ አንቱ የተባልኩ ነኝ፤ ይህንን ሚሳኤልም አይክደኝም። ሴቶቹ ጥግ ላይ ድንችና የአሳማ ጎድን ያወጣሉ፤ አናይስም በሽርጥ ከነሱ ጋር ናት።

ዊልፍሪዶን ማን እንደጠራው አላውቅም። ሚሳኤል ይመስለኛል። ብረቱን እንደ ሎሚ እያሽከረከረ የመጀመሪያውን የመጠለያው ጣሪያ ላይ ወረወረው፣ ሰው ሳቀበት፣ ደስ አለኝ። ሁለተኛው አጥሩን መታ። ሦስተኛው ግን፣ ዓይኑን ጨፍኖ ይሁን አላውቅም፣ ባሩዱን አናቱ ላይ አገኘው። ጆሮ የሚያደነቁር ፍንዳታ ሆነ። ሰዉ ተነስቶ ጮኸለት። እሱም እየዘለለ ወደ ሴቶቹ ሮጠና ሁለት እጁን አነሳ።

«አናይስ፣ አየሽኝ?»

«አየሁህ!» አለች እየሳቀች። «አንተ ለካ ሰው ነህ!»

ያ ድምፅ ነበር። መንደር ሙሉ ሕዝብ ፊት። እኔ ተራዬን ስጠብቅ ብረቱን ይዣለሁ፤ ለቀቅሁት፣ ጫማዬ ላይ ወደቀ፣ ሕመሙ እንኳ አልተሰማኝም። ዓይኔ ደም ለበሰ። ቀጥሎ የሰማሁት የራሴን ጩኸት ነው።

«ዶኛ አናይስ! ለባልዎ ያልወጣዎት ቃል ለመኪና ነጂ ይዘንባል! ለሱ የሚሉትን ለኔም ይበሉኝ! እዚሁ፣ ሰው ሁሉ ይስማ!»

ጎድን የምትገለብጠው ሴት እጇ አየር ላይ ቀረ። ሚሳኤል ቢራው ውስጥ አቀረቀረ። አናይስ እጇን በሽርጧ ጠረገች፤ አንዱን እጅ፣ ከዚያም ሌላውን፣ ምንም የሚያቻኩል ነገር እንደሌለባት። ፊቷ ቀላ፣ ቀጥሎ ነጣ።

«እርግጠኛ ነዎት?» አለችኝ፣ ቀስ ብላ።

«እርግጠኛ ነኝ!»

«እሺ» አለች። «ፓርሜኒዮ፣ ብረትህን አንሳ። ተራህ ነው፤ ሰው ቆሞ ይጠብቅሃል።»

አልዋሽም፣ መጀመሪያ ልቤ ዘለለ። አንተ አለችኝ፤ አገኘሁት። ከዚያ ግን ድምፁን ሰማሁት። ሳቁ የለበትም፣ ቁጣም የለበትም። አላፊ አግዳሚውን «ሰዓት ስንት ነው?» ብላ የምትጠይቅበት ድምፅ ነበር። ብረቱን አንስቼ ወረወርኩ፤ ጭቃውን እንኳ አልመታሁም።

የሚቀጥለው ቅዳሜ ዊልፍሪዶ ሲመጣ ሽቶው ነበር፣ ወሬው አልነበረም። ዳሱ ውስጥ አልተቀመጠም። ጭነቱን እየቆጣጠርኩ አጠገቤ መጣና ሲጋራ ለኮሰ። ልመታው ይሁን ላባርረው እያሰብኩ ሳለ እሱ ቀደመኝ።

«ሽማግሌው፣ አንተ ጅል ነህ» አለኝ።

«ምን አሉኝ?»

«ጅል ነህ አልኩህ። እኛ አገር አንተ ማለት ምንም አይደለም። ዓሣ ሻጩም አንተ፣ ፖሊሱም አንተ፣ እናቴም አንቺ። አንዲት ቃል ናት ያለችን፣ ለሰው ሁሉ እንደ ውሃ እናድላታለን። አንተ ግን ገመድ ይዘህ ስትመጣ ሚስትህ ቀና ብላ 'ሱሜርሴ፣ ደክሞዎታል፣ አረፍ ይበሉ' ስትልህ እሰማ ነበር። እኔ ሁለት ጊዜ አግብቻለሁ። አንዷም እንደዚያ ጠርታኝ አታውቅም።»

ጭሱን አወጣና ቀጠለ።

«አንድ ቀን፣ ዝናብ ነበር፣ አንተ ገመድ ልታመጣ ሄደሃል፣ ለመንኳት። አንዲት ጊዜ ብቻ እኔንም ሱሜርሴ በይኝ፣ ሲጠሩኝ ምን እንደሚመስል ልስማው፣ መቶ እስር ጨምሬ እገዛልሻለሁ አልኳት። ከልቤ ነበር። እሷ ግን ሳቀችብኝ። ውሸታም፣ አንተ ደግሞ ታበዛዋለህ፣ አለችኝ። አልሰጠችኝም።»

ሲጋራውን በጫማው ረግጦ መኪናው ውስጥ ገባ። እኔ የመጨረሻው እስር እንደተጫነ እንኳ ሳላይ ቆሜ ቀረሁ። ከግድግዳው ጀርባ የሰማሁት ሳቅ፣ እንቅልፍ የነሳኝ ሳቅ፣ የእኔን ቃል ለሌላ አልሰጥም ያለችበት ሳቅ ነበር። ሰውየው በእኔ ይቀና ነበር፤ እኔ በእሱ። ከሁለታችን የሚቀናበት ነገር የነበረው እኔ ነበርኩ፣ ያንንም አደባባይ ላይ ጮኼ አስወሰድኩት።

ያን ቀን ማታ ሁሉን ነገርኳት። ሶጋሞሶ ሴት እንደሌለችኝ፣ ሰው ያልኩት ጫማ ጠጋኙ እንደሆነ፣ ሸሚዙም ሽቶውም ለእልህ እንደነበር።

«አውቄአለሁ» አለች ካልሲ እየጠቀመች። «አንተን ማን ይወስድሃል?»

ያኔ እንኳ አልተከፋችም። ብትከፋ ይሻለኝ ነበር፤ ስትከፋ እርስዎ ዶን ፓርሜኒዮ ትለኝ የለ? የዚያን መንገድ አውቀዋለሁ፤ ሁለት ቀን አጎነብሳለሁ፣ ሦስተኛው ቀን ሱሜርሴ ትመለሳለች። አሁን ግን አናይስ ደህና ናት። ምግቤን ታቀርባለች፣ ልብሴን ትሰፋለች፣ ጉንፋን ሲይዘኝ ማር አፍልታ ታጠጣኛለች። «ፓርሜኒዮ፣ እግርህን አንሳልኝ ልጥረግ።» «ፓርሜኒዮ፣ ቆለኛው መጣልህ።» ለእሱም አንተ፣ ለእኔም አንተ፣ ከብት ለማከም ከቦጎታ ለተላከውም ወጣት አንተ። ከእነሱ ጋር ተሰለፍኩ።

ቃሏን እንድትመልስልኝ ለመንኳት፤ ለሰው ተንበርክኬ የማላውቀው ሰውዬ ልንበረከክ ምንም አልቀረኝም ነበር። መርፌዋን ጨርቁ ላይ ሰካችና እያዘነችልኝ አየችኝ፤ ያ ማዘኗ ነው የገደለኝ።

«ሰው ፊት የጠየቅከኝን ሰው ፊት ሰጠሁህ» አለች። «ያኛው በጩኸት የሚመጣ አይደለም። እንግዲህ እኔ ምን ላድርግህ? ስፈልገው አፌ ላይ የለም።»

ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው፤ አይመለስም። ሚሳኤል አሁንም ቀናተኛ ነው እያለ ያስወራብኛል። ይበል። ልጄም ከቦጎታ በስልክ እናቴ ምን ሆነው ነው አንተ የሚሉዎት ብሎ ሳቀ፤ ዘመናዊ ሆነናል አልኩት።

ትናንት ጠዋት ገና ሐይቁ ላይ ጉም ተኝቶ ሳለ ከማድ ቤት ድምፅዋን ሰማሁ። ለስላሳ፣ ቀስ ያለ፣ እንደ ድሮው።

«ሱሜርሴ፣ ይምጡ፣ ሾርባው ይቀዘቅዛል።»

ከአልጋ እንዴት እንደወረድኩ አላውቅም። ሩአናዬን ገልብጬ ደርቤ፣ በባዶ እግሬ በሲሚንቶው ላይ እየሮጥኩ፣ ልቤ አፌ ውስጥ ሆኖ ገባሁ። አናይስ የጓሮው በር ላይ ጎንበስ ብላ ጎድጓዳ ሳህን ታስቀምጣለች። ካፒታን ጅራቱን እየቆላ መጣ፣ እሷም ጆሮውን አሸት አሸት አደረገችለት። ቀና ስትል እኔን አየችኝ።

«ያንተ ምድጃው ላይ ነው» አለችኝ።

ሳህን አነሳሁ፣ ቀድቼ ተቀመጥኩ፣ በላሁ። ዓይኔን ግን ከውሻው ላይ አላነሳሁም።